«ላልቃምህበት ቀን ሽልማት»፦ ሱስን በማበረታቻ ማከም ይቻላል?

የዛሬው ርዕሳችን መጀመሪያ ሲሰሙት ፈገግ ሊያሰኝ፣ ምናልባትም ሊያስቆጣ ይችላል። ከጫት ሱስ ለመውጣት ለሚታገል ሰው፣ ሳይቅም ለዋለበት ቀን ሽልማት መስጠት ሕክምና ሊሆን ይችላል? ከሆነስ ወጪውን መንግሥት ሊሸፍነው ይገባል? ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም መልሱ በዓለም ላይ ለ30 ዓመታት ያህል ሲጠና የቆየ ነው።

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ኅሊናዎ ይመልከቱ። ቤቱ ያለው መካነ ብርሃን ነው። የቤቱ ልጅ ከደባርቅ መካነ ብርሃን በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነው። የሰሜን ተራሮች ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት፣ ጉምና ገደል ይበዛበታል። ልጁ እንቅልፍ እንዳይጥለው ብሎ መቃም ጀመረ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ነበር፤ ቀጥሎ በገበያ ቀን ሁሉ ሆነ፤ በመጨረሻ ሳይቅም መዋል አቃተው። ከቀን ገቢው ግማሹ ለጫት ይሄዳል፤ ከተረፈው ላይ ደግሞ ማታ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ይጠጣበታል። እናቱ «ልጄ፣ በሞቴ ተው!» ብላ መክራዋለች፣ አልቅሳለች፣ ለንስሐ አባቱ ነግራለች። እሱም ሁለት ጊዜ ምሎ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ መሐላው ፈረሰ። አሁን በመንደሩ «እሱማ አልቆለታል» ይባላል።

ይህን ልጅ ለምሳሌ ያመጣነው እኛ ነን። ነገር ግን ይህን ሲያነቡ ዳባትም ይኑሩ ደባርቅ፣ ጎንደርም ይኑሩ አዲስ አበባ፣ አንድ የሚያውቁት ሰው ትዝ ሳይልዎት አልቀረም። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚያ ሰውና ለቤተሰቡ ነው።

መሐላው ለምን ይፈርሳል?

ጫት አነቃቂ ዕፅ ነው። በውስጡ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው ጠንካራ አነቃቂ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ካቲኖን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ይዳከማል። ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መኪናውም እየከነፈ ወደ ገበያ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ከፍ ያደርጋል። ዶፓሚን «ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ድገመው» የሚል መልእክት የሚያስተላልፍ ነው። ጥሩ ምግብ ስንበላ፣ ሥራችን ሲሳካ፣ ወዳጅ ስናገኝ የሚሠራው እሱው ነው። ጫት ግን መልእክቱን ያለ ሥራና ያለ ድካም፣ በአቋራጭ ያደርሳል። ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ የቃመ ሰው አንጎል ይህን አቋራጭ ስለሚለምድ ተራው ደስታ ደብዝዞ ይታየዋል። የቃመ ዕለት ይነቃቃል፤ ያልቃመ ዕለት ጀዘባው፣ ሐራራው፣ ሌሊት ደግሞ ዱካኩ ይመጣበታል።

አሁን የልጁን ሁኔታ ከዚህ አንጻር ይመዝኑ። ቢቅም የሚያገኘው ደስታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ባይቅም የሚያገኘው ጥቅም ግን ሩቅ ነው፤ ገንዘብ ይጠራቀማል፣ ጤናው ይመለሳል፣ ትዳር ይይዛል፤ ሁሉም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የሚያገኘው ሕመም ብቻ ነው። የእናቱ ምክር እውነት ቢሆንም የሚናገረው ስለ ነገ ነው፤ ጫቱ ግን ዛሬ ይከፍላል። መሐላው የፈረሰው ልጁ እናቱን ስለናቀ ወይም እምነት ስላጣ ብቻ አይደለም። ነገና ዛሬ ሲታገሉ ዛሬ ስለሚያሸንፍ ነው።

ለአረቄ፣ ለሲጋራና ለሄሮይን ሱስ የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ። ለአነቃቂ ዕፆች ሱስ ግን ሱሱን ራሱን እንዲያድን በዓለም ታላላቅ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ስለዚህ ሐኪሞች የቀራቸው መንገድ የሰውየውን ኑሮና ልማድ ማከም ነው። በማበረታቻ ላይ የተመሠረተው ሕክምና የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡ ቀላል ነው። ላለመውሰድም የዛሬ ዋጋ ይኑረው ይላል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ስቲቨን ሂጊንስና ባልደረቦቻቸው የኮኬይን ሱሰኞችን እንዲህ ማከም ጀመሩ። ታካሚው በሳምንት ሦስት ቀን መጥቶ ሽንቱን ይመረመራል። ንጹሕ ከሆነ እዚያው ኩፖን ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ኩፖን ዋጋ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነበር። በተከታታይ ንጹሕ በሆነ ቁጥር የኩፖኑ ዋጋ ይጨምራል። አንድ ቀን ካገረሸበት ግን ኩፖኑ ይቀርበታል፤ ቀጣዩም ከመጀመሪያው ዋጋ ይጀምራል። አይሰደብም፣ አይባረርም፤ «በሚቀጥለው ና» ይባላል። ኩፖኑ በጥሬ ገንዘብ አይመነዘርም። ታካሚው ከአማካሪው ጋር ተነጋግሮ ለጤናማ ኑሮ የሚጠቅም ዕቃ ወይም አገልግሎት ይገዛበታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ጥናታቸው 40 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። ሁሉም ተመሳሳይ የምክር አገልግሎት አገኙ፤ ግማሾቹ ግን ኩፖን ተጨመረላቸው። የ24 ሳምንቱን ሕክምና እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ኩፖን ካገኙት ከ100ው 75ቱ ሲሆኑ፣ ካላገኙት 40ዎቹ ብቻ ነበሩ። ሳያቋርጡ ከኮኬይን የታቀቡበት ጊዜም በአማካይ ወደ 12 ሳምንት ሲጠጋ፣ የሌሎቹ 6 ሳምንት ያህል ነበር።

«ይህን ሁሉ ኩፖን ከየት እናመጣለን?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ለዚህ መልስ ያበጁት ሌላዋ አሜሪካዊት ተመራማሪ ናንሲ ፔትሪ ናቸው። እርሳቸው ለሁሉም ከመክፈል ይልቅ እጣ አመጡ። ታካሚው ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ከሳህን ውስጥ እጣ ያወጣል። አንዳንዱ እጣ «ጎሽ፣ በርታ» የሚል ምስጋና ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ትንሽ ዕቃ ያስገኛል፤ ጥቂቱ ትልቅ ዕቃ ያስገኛል። ሳይወስድ በቆየ ቁጥር የሚያወጣው እጣ ብዛት ይጨምራል። እቁብ ለምንጥል ለእኛ የእጣ ነገር እንግዳ አይደለም። የዕድል ተስፋ ሰውን እንዴት እንደሚስብ እቁብተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ሰውየው የሚያዋጣው ገንዘብ ሳይሆን የታቀበበት ቀን መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥናቶቹ ተከማችተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ግምገማ፣ በኮኬይንና በአምፌታሚን ሱስ ላይ የተደረጉ፣ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸው 50 ጥናቶች በአንድነት ተመዘኑ። ከተነጻጸሩት 12 የምክርና የባህርይ ሕክምናዎች መካከል ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያስገኘው ማበረታቻን ከማኅበራዊ ኑሮ ድጋፍ ጋር ያጣመረው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ በ2020 (እ.ኤ.አ.) በጋራ ባወጡት ዓለም አቀፍ የሕክምና ደረጃ ውስጥም ይህ ዘዴ በማስረጃ ከተደገፉት ሕክምናዎች አንዱ ተደርጎ ተቀምጧል።

«ይህማ ጉቦ ነው!» ለሚሉ

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሳይቅም የኖረው ገበሬ ምንም አልተሸለመ፤ ቃሚው ስለተወ ይሸለማል?» ይላል። ቅሬታው መሠረት አለው፤ ችላ የሚባል አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ ጉቦ ማለት ሰው የማይገባውን እንዲያደርግ የሚሰጥ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚገባውን እንዲያደርግ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ገንዘብን በቅድመ ሁኔታ መስጠት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለሚችሉ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ሲሳተፉ ነው። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ምገባም ልጁን ከረሃብ ከማዳን ባሻገር ወደ ክፍል ይስበዋል። እርከን ለሠራና ችግኝ ለተከለ መክፈል ነውር ካልሆነ፣ የፈረሰ ሰውነቱን መልሶ ለሚገነባ ሰው ትንሽ ማገዝ ለምን ነውር ይሆናል?

ደግሞም ያልታከመ ሱስ በነጻ የሚያልፍ አይደለም። በእንቅልፍ እጦት የደከመ ሾፌር በሚያደርሰው አደጋ፣ ለልጆች ደብተር መግዣ በሚጠፋው ገንዘብ፣ በትዳር መፍረስ፣ በአእምሮ ሕመም፣ ሁላችንም እንከፍለዋለን።

መንግሥት ሲከፍል ምን ይመስላል?

በሌላው ዓለም ይህን ሕክምና ከጥናት ወደ አገልግሎት ያሸጋገረው የሕዝብ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው የመንግሥት ተቋም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሆስፒታሎቹ ይሰጠዋል። ታካሚዎቹ ከሰጧቸው የሽንት ናሙናዎች ከ100ው ከ90 በላይ ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን በኩል አገልግሎቱን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀመረ። ሕክምናው 24 ሳምንት የሚፈጅ ሲሆን አንድ ታካሚ በዓመት እስከ 599 ዶላር የሚያወጣ የስጦታ ካርድ ሊያገኝ ይችል ነበር።

ከዚያ የምንማረው ጥሩውን ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለሱስ ሕክምና ከሚሰጠው ድጎማ ለአንድ ታካሚ በዓመት ከ75 ዶላር በላይ ለማበረታቻ እንዳይውል ለዓመታት ከልክሎ ነበር። ባለሙያዎች ይህን መጠን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ምክንያቱም ሽልማቱ ከዕፁ ጋር ካልተፎካከረ ገንዘቡም ይባክናል፣ ሕክምናውም «አይሠራም» የሚል ስም ያተርፋል። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጣሪያው ወደ 750 ዶላር ከፍ ተደረገ። ግማሽ መጠን የተሰጠ መድኃኒት እንደማያድን ሁሉ፣ እጅግ ያነሰ ማበረታቻም አያድንም።

በእኛ አገር ቢሞከርስ?

እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃ ሲተነተን፣ ከ100 አዋቂዎች 15ቱ ገደማ ጫት እንደሚቅሙ አሳይቷል። ጫት በሌላ በኩል የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው፤ በአንዳንድ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የብዙ ገበሬና ነጋዴ እንጀራም ነው። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም፤ በአንዳንድ አካባቢዎችም የባህልና የማኅበራዊ ኑሮ አካል ሆኖ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ስለ ቅጠሉ መከልከል አይደለም። መተው ፈልጎ ላቃተው ሰው ምን እናዘጋጅለት ነው ጥያቄው።

በአሁኑ ጊዜ በአገራችን በማበረታቻ የሚሰጥ የሱስ ሕክምና በመንግሥት በጀት ተይዞ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ መደበኛ አገልግሎት አይደለም። ቢጀመር ግን ወጪው ምን ያህል ይሆናል? እስቲ በግምት እናስላ። አንድ ታካሚ ለ12 ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል እንበል፤ ይህ 24 ጉብኝት ነው። ለመጀመሪያው ንጹሕ ውጤት የ40 ብር ኩፖን፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ 10 ብር እየተጨመረ ቢሰጠው፣ አንድም ቀን ሳያገረሽበት ለጨረሰ ሰው ጠቅላላው ድምር 3 ሺህ 720 ብር ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 150 ብር ለጫት ያወጣል ብንል ደግሞ በእነዚያው 12 ሳምንታት 12 ሺህ 600 ብር ያጠፋል። መጠኑ እንደየአካባቢው ገበያ መስተካከል ያለበት ቢሆንም፣ ስሌቱ ሐሳቡ የሀብታም አገር ቅንጦት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለውም የሚታሰብ መንገድ አለ። ከጫት፣ ከአልኮልና ከትምባሆ ከሚሰበሰበው ግብር ትንሽ ድርሻ ለሱስ ሕክምና ቢመደብ፣ ጉዳቱ ካለበት ምንጭ ለጉዳቱ መጠገኛ ይገኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ በመላ አገሪቱ እንደተስፋፋ እናስታውሳለን። ይህም ሕክምና በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ፣ ውጤቱ ተለክቶ፣ የሚሠራ ከሆነ ሊስፋፋ ይችላል።

ለሙከራ ደግሞ የሰሜን ጎንደር አካባቢ ጥሩ መነሻ አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዳባት ወረዳ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት የሚከታተል የምርምር ማዕከል አለው። ደባርቅ ከተማም ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል አላት። እንዲህ ያለ አካባቢ አዲስ ሕክምናን ጀምሮ «በእርግጥ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?» ለማለት ይመቻል። ፍላጎቱም አለ። አካባቢው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተጎድቷል፤ ብዙ ተፈናቃዮችም በደባርቅና በዙሪያዋ ተጠልለው ነበር። መከራ ያየ ሰው ትዝታውን ለማደንዘዝ ወደ ጫትና ወደ አረቄ ሊጠጋ እንደሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ያውቃሉ።

መሰናክሎቹንም መደበቅ አይገባም። የመጀመሪያው ምርመራው ነው። ጫት መቃሙን ለይቶ የሚያሳይ ቀላል የሽንት ምርመራ እንደ ስኳር መለኪያ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ያለ ምርመራ ደግሞ ሽልማቱ የማታለል በር ይከፍታል። ሁለተኛው ርቀት ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ መካነ ብርሃን ወይም ደባርቅ ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ መመላለስ ከሽልማቱ ይልቅ የሚከብድ ይሆናል፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ወደ ጤና ኬላው መውረድ አለበት። ሦስተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው። በትንሽ ከተማ «እከሌ ለጫት ሕክምና ገባ» መባል ራሱ ሰውን ያስቀራል። አራተኛውና ትልቁ፣ እስካሁን የጠቀስናቸው ጥናቶች የተሠሩት በኮኬይንና በአምፌታሚን ዓይነት ዕፆች ላይ ነው። ጫት ከእነርሱ ጋር የአሠራር ዝምድና ቢኖረውም በእኛ ሰው፣ በእኛ ኑሮ ላይ መፈተን አለበት። ሙከራ የምንለው ለዚህ ነው።

ሽልማቱ ሲያበቃስ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሽልማቱ ሲቆም ወደ ጫቱ የሚመለስ ሰው አለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የ23 ጥናቶች ግምገማ፣ ማበረታቻው ከተቋረጠ ከስድስት ወር ገደማ በኋላም በዚህ መንገድ የታከሙት ሌላ ሕክምና ካገኙት የተሻለ የመታቀብ ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን አለ።

ሚስጥሩ ያለው በእነዚያ 12 ሳምንታት ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው። ሽልማቱ እንደ ምርኩዝ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሰው አጥንቱ እስኪጠግን ይደገፍበታል እንጂ ዕድሜ ልኩን አይዘውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንቅልፉ ይስተካከላል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ አዲስ ጓደኛና አዲስ የከሰዓት ውሎ ያገኛል። ውሎው ካልተለወጠ ግን ምርኩዙ ሲነሣ መውደቁ አይቀርም።

እስከዚያው በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

መንግሥት አገልግሎቱን እስኪጀምር መጠበቅ የለብዎትም። ቤትዎ ውስጥ መተው የሚፈልግ ሰው ካለ የሚከተሉትን ይሞክሩ፤ ከተቻለ በጤና ባለሙያ እየታገዙ ቢሆን ይመረጣል።

በመጀመሪያ ፈቃዱን ያግኙ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሰውየው ራሱ ልተው ሲል ነው። በግድ የተጀመረ ወደ ሌባና ፖሊስ ጨዋታ ይለወጣል።

ሽልማቱ ለትንሽ ነገርና ወዲያው ይሁን። «ዓመቱን ሙሉ ካልቃምክ በሬ እገዛልሃለሁ» ከማለት፣ «ዛሬ ሳትቅም ከዋልክ ማታ ይህን አገኘህ» ማለት ይበልጣል። በሱስ ለተያዘ አንጎል ዓመት ሩቅ አገር ነው።

ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይስጡት። ገንዘብ ራሱ ሐራራን ይቀሰቅሳል። የሞባይል ካርድ፣ ጫማ፣ የሚወደው ምግብ፣ ወይም በእናት ወይም በእህት እጅ የሚቀመጥ ቁጠባ ይሻላል። ለጫት ይወጣ የነበረውን ገንዘብ በየቀኑ ቆጥሮ በሳጥን ማስቀመጥ ራሱ ዓይን የሚገባ ሽልማት ነው። እቁብ የሚጥሉ ከሆነ ደግሞ ለእርሱ አንድ ዕጣ ይግቡለት።

ቀን በጨመረ ቁጥር ሽልማቱም ትንሽ ይጨምር። ካገረሸበት ሽልማቱ ይቅርበት፤ በማግስቱ ከመነሻው ይጀምር። የተጠራቀመለትን አይቀሙት፤ ስድብና የድሮ ጥፋት ቆጠራም አይጨምሩበት። ማገርሸት የሕመሙ ጠባይ ነው፤ የሕክምናው መጨረሻ አይደለም።

ለከሰዓት በኋላው ጊዜ ሌላ ሥራ ያዘጋጁ። የበርጫው ሰዓት ባዶ ከሆነ እግሩ ራሱ ወደለመደበት ይወስደዋል። ኳስ፣ የእርሻ ሥራ፣ ዘመድ ጥየቃ፣ ጸሎት፣ ማንኛውም ሰዓቱን የሚሞላ ነገር ይረዳል። ጸበል የሚሄድ ከሆነም ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም፤ ሁለቱንም ይከታተል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይወቋቸው። ድካም፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ መነጫነጭ፣ ድባቴና ቅዠት የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ብዙ ውኃ፣ በቂ ምግብና ዕረፍት ይርዱት። ሾፌር ከሆነ በእነዚያ ቀናት መሪ ባይዝ ይመከራል።

ወደ ሐኪም ሳይዘገዩ የሚሄዱበት ጊዜ

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ሰውየው ከጫቱ ጋር በየቀኑ ብዙ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ የሚጠጣ ከሆነ፣ መጠጡን በአንድ ቀን በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳትና መቃዠት ሊያመጣ፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ብቻ ነው።

ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ሰዎች ሊጎዱኝ እያሴሩ ነው ካለ፣ መኖር አልፈልግም ማለት ከጀመረ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ፣ ሽልማትና ምክር ጊዜው አይደለም። ብቻውን አይተዉት፤ በአፋጣኝ ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ይውሰዱት። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወደሚሰጠው የአእምሮ ሕክምና ይላካል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ቃሚም ባለሙያ ሳያማክር አይቆይ።

ውድ አንባቢያን፣ ወደ መካነ ብርሃኑ ቤት እንመለስ። እናትየው ለልጇ ያላትን ሁሉ ሰጥታዋለች፤ ምክሯንም፣ እንባዋንም፣ ጸሎቷንም። የጎደለው የእርሷ ፍቅር አልነበረም። የጎደለው ዛሬ ማታ በእጁ የሚጨብጠው፣ «መታገሌ ታየልኝ» የሚያሰኘው ትንሽ ነገር ነበር። ያንን ትንሽ ነገር ዛሬ ቤተሰብ ሊጀምረው ይችላል። ከቤተሰብ አቅም በላይ ለሆነው ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚመድቡ ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል፤ «አልቆለታል» የተባለ ሰው በመንገድ ላይ ከሚቀር፣ በትንሽ ድጋፍ ተነሥቶ መኪናው ላይ በንቁ ዓይኑ ቢመለስ ለሁላችንም ይተርፋልና።